የአእምሮ ሐኪሙና የአንጎል ሥነ ልቡና መርማሪው፤ የአንድ ጉርብትና ታሪክ

አንድ ሰው «እረሳለሁ፤ ሐሳቤን መሰብሰብ አቃተኝ» ብሎ ወደ ሆስፒታል በመጣ ጊዜ፣ ጉዳዩ ለየትኛው ባለሙያ እንደሚቀርብ ወዲያውኑ የሚታወቅ አይደለም። መርሳቱ ከድባቴ ወይም ከከባድ ኀዘን የመነጨ ከሆነ የአእምሮ ሐኪሙ ድርሻ ይሆናል። ከአንጎል ጉዳት የመጣ ከሆነ ደግሞ፣ ጉዳቱ የትኛውን የማሰብ ችሎታ እንዳጓደለና የትኛውን በደኅና እንደተወ ለይቶ የሚመረምር ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሁለተኛው ሙያ ኒውሮሳይኮሎጂ ይባላል፤ በዚህ ጽሑፍ «የአንጎል ሥነ ልቡና» እያልን እንጠራዋለን። ተግባሩም ማስታወስን፣ ትኩረትን፣ ቋንቋን፣ የማቀድንና ሐሳብን የመለወጥን ችሎታ በጥያቄና በልዩ ልዩ ፈተና መርምሮ ከአንጎል አሠራር ጋር ማገናዘብ ነው።

ሁለቱ ሙያዎች ዛሬ የየራሳቸው ትምህርት፣ የየራሳቸው መጽሔትና ማኅበር አላቸው። ታሪካቸው ግን የጎረቤታሞች ታሪክ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር የኖሩበት ዘመን ነበር፤ አጥር አጥረው የተራራቁበት ዘመንም ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉርብትናው በጸናበት ጊዜ ሕመምተኛው ምን እንዳገኘ፣ በላላበትም ጊዜ ምን እንደከፈለ በጥቂት ምሳሌዎች ማሳየት ነው። የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአንድ ጣሪያ ሥር

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የአእምሮ ሐኪሙና የአንጎል መርማሪው አንድ ሰው ነበሩ ማለት ይቻላል። ካርል ቨርኒከ በ1874 ስለ አፋዚያ፣ ማለትም በአንጎል ጉዳት ምክንያት ስለሚደርስ የቋንቋ መጓደል፣ ያሳተመውን ታዋቂ ጥናት ሲጽፍ የ26 ዓመት ወጣት ነበር። እርሱ የገለጻቸው ሕመምተኞች ንግግራቸው እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ ቃላቱ ግን የተዛቡ ናቸው፤ የሚነገራቸውንም አይረዱም። እንዲህ ያለውን ሰው ላይ ላዩን ያየ «አብዷል» ብሎ ቢፈርድ አያስደንቅም። ቨርኒከ ግን ሰውየው ያጣው የማመዛዘን ኃይሉን ሳይሆን የቃልን ትርጉም የመረዳት ችሎታውን መሆኑን፣ ጉዳቱም በግራው የአንጎል ክፍል በጆሮ ግንድ በኩል የሚገኝ መሆኑን አስረዳ። አንድ ሰው እብድ ተብሎ ከመቆለፍ የሚድነው በጥንቃቄ በተጠየቀ ጥያቄ መሆኑ በዚያን ጊዜ ግልጽ ሆነ።

ከእርሱ ጥቂት ዘግይቶ የሞስኮው የአእምሮ ሐኪም ሰርጌይ ኮርሳኮፍ ከ1887 ጀምሮ ባወጣቸው ጽሑፎች ሌላ እንግዳ ነገር አሳወቀ። ሕመምተኞቹ፣ አብዛኞቹ ለረጅም ጊዜ አልኮል ሲጠጡ የኖሩ፣ በጨዋነት ይነጋገራሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ፣ ነገርን ያገናዝባሉ። ሐኪሙ ወጥቶ ከደቂቃዎች በኋላ ሲመለስ ግን እንዳላዩት ሆነው እንደ አዲስ ሰላምታ ይሰጡታል። ኮርሳኮፍ በዚህ ሳይወሰን ሰዎቹ የረሱት ነገር በሙሉ ከውስጣቸው ጠፍቶ እንደሆነ መረመረ። ከዚህ ቀደም በኤሌክትሪክ መሣሪያ የታከመ አንድ ሕመምተኛ፣ መሣሪያውን አይቼው አላውቅም እያለ፣ ሣጥኑን ሲያይ ግን ሐኪሙ በኤሌክትሪክ ሊያክመው እንደመጣ ጠረጠረ። ትዝታው ባይኖርም አሻራው አልጠፋም ማለት ነው። ዛሬ የዚህ ሕመም ምክንያት በአብዛኛው የቪታሚን ቢ1 እጥረት መሆኑ ይታወቃል፤ በጊዜው ከተደረሰበትም በመርፌ በሚሰጥ ቪታሚን ጉዳቱን ለመግታት ይቻላል።

ኤሚል ክሬፔሊን በበኩሉ በላይፕሲግ ከሥነ ልቡና ሊቁ ከቪልሄልም ቩንት የቀሰመውን የመለካት ዘዴ ወደ አእምሮ ሕክምና አስገባ። ሰዎችን ለረጅም ሰዓት ቁጥር እያስደመረ የድካምን፣ የልምምድንና የዕረፍትን ውጤት ይመዘግብ ነበር። አንድ መድኃኒት ወይም መጠጥ በአእምሮ ሥራ ላይ የሚያመጣውን ለውጥም በዚሁ መንገድ ይለካ ነበር።

የዚህ ዘመን ሥራ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ግን በፍራንክፈርት ነው። በኅዳር ወር 1901 ኦጉስተ ዴተር የተባለች የ51 ዓመት ሴት ወደ ከተማው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች። የሕመሟ መነሻ ባሏን በከንቱ መጠርጠርና መቅናት ነበር። ሐኪሙ አሎይስ አልትስሃይመር በቅናቱ ላይ ብቻ ቢያተኩር ኖሮ አንድ የተለመደ የእብደት ስም ሰጥቶ ሊያልፋት በቻለ ነበር። እርሱ ግን አጠገቧ ተቀምጦ ልዩ ልዩ ዕቃ አሳያት፤ ስማቸውን በትክክል ጠራች። ጥቂት ቆይቶ ምን እንዳየች ሲጠይቃት አንዱንም አላስታወሰችም። ስሟን እንድትጽፍ ሲያዝዛት መጀመሪያውን ጽፋ መጨረስ አቃታት፤ ራሷን ያጣች ያህል እንደሚሰማትም ገለጸችለት። ጥያቄና መልሱን ቃል በቃል መዘገበው። በሚያዝያ 1906 ስትሞት አንጎሏን በማይክሮስኮፕ መርምሮ በዚያው ዓመት በኅዳር በቱቢንገን ለተሰበሰቡ ሐኪሞች ውጤቱን አቀረበ፤ በ1910 ደግሞ ክሬፔሊን በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ሕመሙን በአልትስሃይመር ስም ሰየመው። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን፣ ከማይክሮስኮፑ በፊት የተካሄደው የዚያ ጥያቄና መልስ ትዕግሥት ነው።

ጦርነቱ ያስተማረው

አንደኛው የዓለም ጦርነት በጥይትና በፍንጣሪ አንጎላቸው የቆሰለ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶችን ወደ ሆስፒታል አመጣ። የቨርኒከ ደቀ መዝሙር የነበረው ኩርት ጎልድሽታይን ለእነዚህ ቁስለኞች በፍራንክፈርት አንድ ተቋም መሠረተ። የተቋሙ ልዩነት ሐኪሙ ብቻውን አለመሆኑ ነበር። አድሄማር ጌልብ የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ አብሮት ይሠራ ነበር። ከመኝታው ክፍል ጎን የምርመራ ክፍል፣ ከምርመራው ክፍል ጎን ደግሞ ቁስለኛው ምን ዓይነት ሥራ ለመሥራት እንደሚችል የሚታይበት ወርክሾፕ ነበረ። ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ምርመራው ፍጻሜ የሚያገኘው በወረቀት ላይ ሳይሆን ሰውየው እንጀራውን ለመጋገር በበቃበት ቦታ ነበር።

ከዚህ ኅብረት የተገኘ አንድ ትምህርት ዛሬም አላረጀም። አንጎሉ የተጎዳ ሰው የማይችለው ጥያቄ ሲቀርብለት ይቆጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያለቅሳል፣ ወይም አልናገርም ብሎ ይዘጋል። ጥቂት ቀደም ብሎ የሚችለው ጥያቄ በቀረበለት ጊዜ ግን ረጋ ያለ ሰው ነበር። ጎልድሽታይን ይህን ድንገተኛ መናወጥ እንደ ጥፋት የሚቆጠር ምላሽ ብሎ ጠራው፤ ሰውየው ዓለሙ ሁሉ የፈረሰበት ያህል ይሆናልና። ከዚህም ሌላ እነዚህ ሕመምተኞች ዕቃቸውን ከመጠን በላይ በሥርዓት ሲደረድሩና ትንሽ ለውጥ ሲያስጨንቃቸው ተመለከተ። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ የማይችሉት ነገር ድንገት እንዳይገጥማቸው ራሳቸውን የሚጠብቁበት ዘዴ ነው አለ። የሥነ ልቡናው መርማሪ ብቻውን ቢሆን የመዘገበው የተሳሳተ መልስ ብቻ በሆነ ነበር፤ ሐኪሙ ብቻውን ቢሆን የጻፈው «ቁጡ፣ ተጨናቂ» የሚል ብቻ በሆነ ነበር። ቁጣው የመልሱ ማጣት ውጤት መሆኑን ለማየት ሁለቱም በአንድ ሰዓት በአንድ ክፍል መገኘት ነበረባቸው።

ይህ ተቋም ያፈራው ኅብረት በ1933 ተበተነ። ናዚዎች ሥልጣን በያዙ ጊዜ አይሁዳዊው ጎልድሽታይን ታሰረ፤ አገሩን ለቆ እንዲወጣ ከተደረገም በኋላ በአምስተርዳም በኩል ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ጌልብም ከዩኒቨርሲቲ ሥራው ተባርሮ በ1936 ሞተ።

አጥሩ የከፋበት ዘመን

በኅዳር 1935 የፖርቱጋሉ ሐኪም ኤጋስ ሞኒዝ የአእምሮ ሕሙማንን የአንጎል የፊተኛ ክፍል ከሌላው የሚያገናኙትን ጭረቶች የማቋረጥ ሕክምና በሊዝበን አስጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት ዋልተር ፍሪማንና ጄምስ ዋትስ በአሜሪካ ሎቦቶሚ በሚል ስም ተከተሉት። በአሜሪካ ብቻ ወደ 40,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ እንደተፈጸመ ይገመታል። ሞኒዝ በ1949 የኖቤል ሽልማት ተሸለመበት፤ በሚቀጥለው ዓመት ሶቪየት ኅብረት አገደችው። በ1952 ክሎርፕሮማዚን በፓሪስ ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት ከጀመረ በኋላም ሕክምናው እየቀነሰ ሄደ።

ይህን ታሪክ ስናነሣ ጥፋቱን በቢላዋው ላይ ብቻ መጫን ቀላል ነው። ሆስፒታሎቹ እስከ አፋቸው የተሞሉ እንደነበሩ፣ የሚያረጋጋም መድኃኒት እንዳልነበረ መዘንጋት አይገባም። ይሁን እንጂ ሌላም ጥፋት አለ፤ ያም የልኬቱ ጥፋት ነው። በዚያ ዘመን ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ የማሰብ ችሎታ ፈተና የተሰጣቸው ሕመምተኞች ነበሩ። ብዙ ጊዜም ነጥቡ አልቀነሰም። ስለሆነም «የማሰብ ችሎታው አልተነካም» ተብሎ ተጻፈ። ቤተሰቡ ግን ወደ ቤት የተመለሰው ልጁ ሌላ ሰው መሆኑን ያይ ነበር፤ ካልታዘዘ አይነሣም፣ አያቅድም፣ አያዝንም፣ አይደሰትም። ፈተናው የቃላት ፍቺና የሒሳብ እንጂ ተነሣሽነትንና ዓላማን የሚጠይቅ አልነበረም። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም እንደሚባለው፣ ነጥቡም ከሌላ ምስክር ጋር ሳይተያይ አሸናፊ ሆነ።

ተመሳሳይ ነገር በሃርትፎርድ ከተማ ደረሰ። ቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ስኮቪል በአእምሮ ሕሙማን ላይ ይሠራው የነበረውን አንድ የቀዶ ሕክምና ዓይነት በነሐሴ 1953 ከባድ የሚጥል በሽታ በነበረበት በ27 ዓመቱ ወጣት በሄንሪ ሞላይሰን ላይ ሠራ። ሂፖካምፐስ የሚባለውን የአንጎል ክፍል ከሁለቱም ወገን አብዛኛውን አወጣ። በ1955 ከሞንትሪያል የመጣችው የሥነ ልቡና ሊቅ ብሬንዳ ሚልነር ስትመረምረው ቀኑን መጋቢት 1953 ነው አላት፤ ዕድሜውንም 27 ነው አለ። የማሰብ ችሎታው ነጥብ ከቀዶ ሕክምናው በፊት 104 ነበር፤ በኋላ 112 ሆነ። የማስታወስ ነጥቡ ግን 67 ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ቁጥር ብቻ የሚፈርድ ሰው ወጣቱ ተሽሎታል ባለ ነበር።

ስኮቪልና ሚልነር በ1957 ባሳተሙት ጥናት የተመረመሩት አሥር ሕመምተኞች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ በከባድ የአእምሮ ሕመም ምክንያት የተቀደዱ ነበሩ። ከእነርሱም መካከል ቀዶ ሕክምናው በጥልቀት በተሠራባቸው ላይ የማስታወስ ጉዳት ተገኘ። ጉዳቱ ቀደም ብሎ ያልታወቀው ለምንድን ነው? ሰዎቹ ቀድሞውኑ በአእምሮ ሕመም የተያዙ ስለነበሩ መርሳታቸው የሕመሙ አካል ተደርጎ በመታየቱ ነው ብሎ መገመት ከእውነት የራቀ አይሆንም። እንዲህ ከሆነ «እብድ» የሚለው ስም አዲስ የደረሰባቸውን ጉዳት ሸፈነባቸው ማለት ነው። ሞላይሰን እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 2008 ድረስ እየተመረመረ ለሳይንስ ብዙ አበረከተ፤ የሌሎቹን ስም ግን የሚያነሣ የለም። በዚህ ጽሑፍ ከተነሡት ሁሉ ለሙያ ባልደረቦቻችን ከባዱ ትምህርት ይህ ይመስለናል።

ልኬቱ ራሱ ሲመረመር

ከዚያ ወዲያ የአንጎል ሥነ ልቡና ጥያቄዎቹን ማረም ጀመረ። ሚልነር በ1963 ባሳተመችው ጥናት፣ የፊተኛው የአንጎል ክፍላቸው የተጎዳ ሰዎች ካርታዎችን በቀለም ሲለዩ ቆይተው ሕጉ ተለውጦ በቅርጽ እንዲለዩ ሲፈለግ፣ ስሕተት መሆኑ እየተነገራቸው እንኳ የቀድሞውን መንገድ እንደማይለቁ አሳየች። ተራው የማሰብ ችሎታ ፈተና ያላየው ጉዳት በዚህ ዓይነት ጥያቄ መታየት ቻለ።

አሌክሳንደር ሉሪያ በሶቪየት ኅብረት ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኡራል ተራሮች አካባቢ በነበረ ሆስፒታል አንጎላቸው የቆሰሉ ወታደሮችን ሲያክም፣ ለእርሱ ዋናው ነገር ሕመምተኛው ስንት አገኘ ሳይሆን እንዴት ተሳሳተ የሚለው ነበር። ከዚያ ቀደም በ1931 እና በ1932 ወደ ኡዝቤኪስታን ገጠር ሄዶ ያላነበቡና ያልጻፉ ገበሬዎችን ጠይቆ ነበር። በረዶ ባለበት በሩቅ ሰሜን ድቦች ሁሉ ነጭ ናቸው፤ እዚያ ያለ አንድ ቦታ ድብ ቀለሙ ምንድን ነው? አላቸው። ብዙዎቹም አላየንም፤ ያየ ሰው ጠይቅ ብለው መለሱ። ይህ የአእምሮ ጉድለት ሳይሆን ትምህርት ቤት የሚያስለምደውን፣ ከቃል ብቻ መደምደሚያ የማውጣትን ልማድ አለመያዝ ነበር። የጥናቱ ሙሉ ዘገባ የታተመው ከ40 ዓመት በላይ ዘግይቶ በ1974 ነው።

ዛሬ በማከሚያው ክፍል

የዛሬው ሐኪም ከዚህ ታሪክ የወረሰው ጥቅም በሦስት የዘወትር ጉዳዮች ይታያል።

አንደኛው የአረጋዊው ድባቴ ነው። በ1961 ሌስሊ ካይሎ የተባለ የአእምሮ ሐኪም በድባቴ ምክንያት የጃጁ መስለው ስለሚታዩ ሰዎች ጻፈ። በድባቴ የተያዘ ሰው ስለ መርሳቱ አብዝቶ ያማርራል፤ ሲጠየቅም «አላውቅም» ይላል፤ ፍንጭ ሲሰጠው ግን ብዙውን ያገኘዋል። በአልትስሃይመር ሕመም የተያዘው ግን ብዙ ጊዜ ጉድለቱን ይሸፍናል፤ ገምቶ ይመልሳል፤ ፍንጭም እምብዛም አይረዳውም። ይህ ልዩነት ሁልጊዜ ጥርት ብሎ አይገኝም፤ በእርጅና የመጣ ድባቴም አንዳንድ ጊዜ የመጃጀት ዋዜማ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ጊዜ መርምሮ መፍረድ ሳይሆን፣ ድባቴውን አክሞ ከወራት በኋላ እንደገና መመርመር ይገባል።

ሁለተኛው የስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኛ ነው። መድኃኒቱ የሌለ ድምፅ መስማቱን ያስታግሥለታል። ትኩረቱንና ማስታወሱን ግን እምብዛም አያሻሽልለትም። ከ1990ዎቹ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ሰውየው ወደ ሥራው ለመመለስና ራሱን ለመቻል ያለውን ዕድል በይበልጥ የሚወስኑት ከሚሰማው ድምፅ ይልቅ እነዚህ ችሎታዎች ናቸው። «ሰነፍ ሆነ» ተብሎ በቤተሰቡ የሚወቀሰው ወጣት የታዘዘውን ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ለመያዝ የማይችል ሊሆን ይችላል። ይህ ሲታወቅ ትእዛዙ አንድ በአንድ ይሰጠዋል፤ ወቀሳውም ይቀንሳል።

ሦስተኛው መድኃኒቱ ራሱ ነው። የመድኃኒትን የመገተር ጉዳት ለማስታገሥ የሚሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲል ማስታወስን ያዳክማል፤ በተለይም በአረጋውያን ላይ። ሕመምተኛው ሲረሳ ሕመሙ ባሰበት ተብሎ ሌላ መድኃኒት ቢጨመርለት ክፉ አዙሪት ይሆናል። ከመጨመር በፊት መመርመር፣ ከተመረመረም በኋላ የመድኃኒቱን መጠን መልሶ ማየት የሁለቱ ሙያዎች የጋራ ግዴታ ነው።

በአገራችን

በአገራችን አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። የአእምሮ ሐኪሞቻችን በውጭ አገር ይሠለጥኑ ነበር፤ በ2003 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶች ሥልጠና ተጀመረ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሠለጠኑት የአእምሮ ሕክምና ነርሶች በየክፍለ ሀገሩ ሲሠማሩ፣ የሚጥል በሽታ ያለበትም፣ የሚቃዠውም፣ የሚረሳውም ወደ እነርሱ ደጅ መጣ። በሌላ አገር በሁለትና በሦስት ሙያ የተከፈለው ሥራ እዚህ በአንድ ነርስ ጠረጴዛ ላይ ተገናኘ ማለት ነው። ይህ የባለሙያ እጥረት ያስከተለው ሸክም ነው፤ ነገር ግን የቨርኒከንና የአልትስሃይመርን ዘመን አንድ ጣሪያ ሳያስታውስ አይቀርም።

ችግሩ በእጃችን ያለው መመዘኛ ነው። በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበትን ባለ30 ነጥብ አጭር ፈተና በ1975 ያወጡት አሜሪካውያን የአእምሮ ሐኪሞች ናቸው። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ዓለም» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው በፊደል እንዲቆጠር ያዛል፤ ለአምስት ፊደል አምስት ነጥብ። በአማርኛ ግን ቃሉ ሦስት ፊደል ነው፤ እያንዳንዱም ተነባቢንና አናባቢን አጣምሮ የያዘ ነው። ሌላው ጥያቄ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው፤ እስክሪብቶ ጨብጣ የማታውቅ እናት ሳትታመም ነጥብ ታጣለች። የወሩ ቀን ሲጠየቅ ደግሞ አንድ አረጋዊ «ትናንት ሚካኤል ነበር» ቢሉ፣ ዕለቱ 13 መሆኑን በትክክል ተናግረዋል። «ነገ የቅዳሜ ገበያ ነው» ያሉትም ዓርብ መሆኑን አልሳቱም። ይህን የማያውቅ መርማሪ ዜሮ ይጽፍላቸዋል፤ ሐኪሙም በዜሮው ላይ ተመሥርቶ «ጃጅተዋል» ይላል። በኡዝቤኪስታን ለሉሪያ የተሰጠው መልስ በእኛም ምርመራ ክፍል በየቀኑ ይሰጣል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ አንድ የአሠራር ሐሳብ ይወጣል። ነጥብ ብቻውን ወደ ካርዱ አይግባ፤ ከነጥቡ ጎን ሕመምተኛው የሰጠው መልስ በራሱ ቃል፣ የትምህርቱ ደረጃ፣ የሚወስደው መድኃኒትና በሚያስታምመው ዘመድ ዘንድ የታየው ለውጥ ይጻፍ። ልዩ መሣሪያ የማያስፈልገው ይህ ሥራ ከአንድ ገጽ አያልፍም። አልትስሃይመር በ1901 ያደረገው ይህንኑ ነበር። የአእምሮ ሐኪሙም የአንጎል ሥነ ልቡና መርማሪውም በየበኩላቸው ያንኑ ገጽ ሲያነቡ፣ አንዱ ያላየውን ሌላው የሚያይበት ዕድል ይኖራል። ያ ገጽ ባለመጻፉ ምክንያት መርሳታቸው እንደ እብደታቸው የተቆጠረባቸውን እነዚያን ስማቸው የማይነሣ ሕሙማን ስናስብ፣ የገጹ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ እንረዳለን።